የጀልባ ቲክ እና ቫርኒሽ፦ ውሃው የሚገባው ከሥር ነው

በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ባለው ቼሳፒክ ቤይ፣ አናፖሊስ አካባቢ የምትቆመው ባለ 26 ጫማ ባለ ሸራ ጀልባዬ ከውጭ ያላት እንጨት ብዙ አይደለም። በጣሪያዋ ግራና ቀኝ ሁለት የእጅ መያዣዎች፣ የመግቢያው ተነቃይ ሳንቃዎችና ክፈፋቸው፣ ጠርዟን ዞሮ የሚሄደው ዘንግ እና የመቀመጫዎቹ ርብራብ ናቸው። ሁሉም ቲክ የሚባለው ዘይታማ እንጨት ነው፤ የያዝኳቸው ግን በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። መቀመጫ ቫርኒሽ ከተቀባ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ግራጫ ሆኖ እንዲኖር ባዶውን ተውኩት። የጠርዙ ዘንግ ውሃ የሚተኛበትና ገመድ የሚፈትገው ስለሆነ ሴቶል የሚባለውን የእንጨት ቅብ ሦስት እጅ ቀባሁት፤ መልኩ እንደ ቫርኒሽ አያምርም፣ ለማደስ ግን ቀላል ነው። ቫርኒሹን ለእጅ መያዣዎቹ፣ ለሳንቃዎቹና ለክፈፉ ብቻ አደረግኩት። የቲክ ዘይት የሚባለውን አልመክርም። አብዛኛው ከተልባ ወይም ከተንግ ዘይት የሚሠራ ነው፤ በዚህ አካባቢ የሐምሌ ወበቅ ቶሎ ይጠቁራል፣ ሻጋታም ይይዘዋል።

ቫርኒሽ ሲላጥ ብዙ ሰው ፀሐይ በላው ይላል። ፀሐይ እያሳሳች ትሄዳለች እንጂ ከእንጨቱ የሚያላቅቀው ከሥር የገባ ውሃ ነው። ውሃው የሚገባው በብሎን ቀዳዳ፣ በመጋጠሚያ፣ በእንጨቱ ቁራጭ ጫፍና ማንም በማያየው ታችኛው ገጽ ነው። ስለዚህ የእጅ መያዣዎቹን ባሉበት ከመቀባት ነቅዬ ማውጣትን መረጥኩ። ሥራውን ያበዛዋል፤ ለዓመታት የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

መያዣዎቹ ከላይ በገቡ ብሎኖች ታስረው ከውስጥ በኩል በዳዶና በሮንዴላ ይጠበቃሉ። የብሎኑን ራስ የሚሸፍነው ክብ የቲክ ውታፍ ነው። ውታፉን ለማውጣት መሃሉን በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በሳሁና ቪቴ አስገባሁበት። ቪቴው ወርዶ የብሎኑን ራስ ሲነካ መሄጃ ያጣል፤ ማዞሩን ስቀጥል ውታፉን ይዞት ወደ ላይ ይመጣል። በመሮ መፈልፈል የቀዳዳውን ከንፈር ያቆስላል፤ የቆሰለ ከንፈር ደግሞ አዲስ ውታፍ አጥብቆ አይዝም። እንጨቱ ለዓመታት ሲፈገፈግ ስለሚሳሳ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጥልቀት የቀረውን ሁሉ ጠለቅ አድርጌ ቆፈርኩት። ስስ ውታፍ ተፈንቅሎ ይወጣል።

አሮጌውን ቫርኒሽ በሙቅ አየር መንፊያና በሳለ መፋቂያ አነሳሁት። ጥቁር ነጥብ የቀረበትን ቦታ በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ 100 ግራም ያህል ኦክሳሊክ አሲድ በጥብጬ ቀባሁት፤ ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ከዚያ ደጋግሞ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ የቀረ አሲድ ቫርኒሹን ያበላሻል። በሁለት ጠርሙስ የሚሸጠውን ጠንካራ ማጽጃ ተውኩት። የቃጫውን ለስላሳ ክፍል በልቶ ጠንካራውን እንደ ትልም ያስቀረዋል፣ ያንን ለማስተካከል ደግሞ ብዙ እንጨት መፈግፈግ ይጠይቃል። በብርጭቆ ወረቀት 80፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ 180 ብዬ ጨረስኩ። ማስክ አይረሳ፤ የቲክ ብናኝ ሳንባና ቆዳ ያስቆጣል። የብረት ሱፍ ደግሞ ጀልባ አጠገብ አይድረስ፤ ቃጫው ውስጥ የሚቀረው ስባሪ ዝጎ ጥቁር ነጥብ ይሆናል።

አገር ቤት የዋንዛ በር ቫርኒሽ የቀባ ሰው ቲክ ላይ የሚቸገረው በእንጨቱ ዘይት ነው። ዘይቱ ቫርኒሹ እንዳይይዝና ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። በአሴቶን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጨርቁ ቡናማ መሆን እስኪያቆም ወለወልኩ፤ አሴቶኑ እንደተነነም ወዲያው የመጀመሪያውን እጅ ቀባሁ። ከሰዓታት በኋላ ዘይቱ ከውስጥ ተመልሶ ይወጣል። አሴቶን የፕላስቲክ መስኮት ስለሚያደበዝዝ ሳንቃና ክፈፍ ሲወለወል መጠንቀቅ ነው።

የተጠቀምኩት ኤፒፋነስ የተባለውን የጀልባ ቫርኒሽ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ሥራ አንድ ሊትር በቂ ነበር። ለቤት ውስጥ የሚሠራው ፖሊዩረቴን እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮት ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን እጅ በ50 በመቶ ቲነር፣ ሁለተኛውን በ25፣ ሦስተኛውን በ15 አቀጠንኩ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን እንደ አየሩ ከ5 እስከ 10። ቀጭኑ ወደ ቃጫው ሰርጎ ይገባል፣ ወፍራሙ በላዩ ይገነባል። የታችኛውን ገጽና የብሎን ቀዳዳዎቹን ውስጥ ሳይቀር ቀባሁ፤ የተቆረጡት ጫፎች ቶሎ ስለሚመጥጡ ተጨማሪ እጅ ወሰዱ። በየእጁ መካከል አንድ ሌሊት አሳድሬ በ320 ወረቀት ቀለል አድርጌ ፈግፍጌ አቧራውን ጠረግኩ። ጣሳውን መነቅነቅ አረፋ ይፈጥራል፤ በዱላ ቀስ ብሎ ማማሰል፣ የሚበቃውን ብቻ በወረቀት ማጥለያ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥና ከዚያ መቅዳት ነው።

አየሩ ግማሹ ሥራ ነው። ሚያዝያ ላይ የዛፍ አበባ ብናኝ ቢጫ ሆኖ በርጥብ ቫርኒሽ ላይ ይለጠፋል፤ ሐምሌ ላይ ሙቀቱና ወበቁ ያስቸግራል። እዚህ የተሻለው መስከረም ነው። ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቄ እጀምራለሁ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ግን ብሩሽ አላነሳም፤ ሳይደርቅ ጤዛ የወረደበት ቫርኒሽ ደብዝዞ ያድራል። ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ደግሞ እንጨቱ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር እየወጣ አረፋ ያነሳል። ጥላ መፈለግ ነው።

አምስት እጅ ከተቀቡ በኋላ መያዣዎቹን መልሼ አሰርኩ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡቲል የሚባለውን የሚለጠፍ የጎማ ማሸጊያ ጠቀለልኩ፤ ብሎኖቹን በአንድ ጊዜ አላጠበቅኩም፣ ማሸጊያው እየተጨመቀ እስኪወጣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንጂ። የሲሊኮን ማሸጊያ አልተጠቀምኩም፤ ሲሊኮን በነካው እንጨት ላይ የሚቀባ ቫርኒሽ ክብ ክብ ባዶ እየተወ ይሸሻል። አዲሶቹን ውታፎች ቫርኒሽ ውስጥ ነክሬ፣ ቃጫቸውን ከመያዣው ቃጫ ጋር አስተካክዬ በቀስታ መታኋቸው። በኢፖክሲ የተጣበቀ ውታፍ በሚቀጥለው ጊዜ እንጨቱን ሳይሰብር አይወጣም። ሲደርቅ ትርፉን በሳለ መሮ ስቆርጥ መጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ነው። የመጀመሪያው ቅራፊ ቃጫው ወዴት እንደሚያዘነብል ያሳያል፤ ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ መሮውን ከተቃራኒው ወገን ማምጣት ነው፤ አለበለዚያ ውታፉ ከመያዣው ገጽ በታች ይሰበራል። ከዚያ ቀሪዎቹን ሦስት እጆች በቦታው ጨመርኩ።

እንክብካቤው ቀላል ነው፣ ቀን ካልተላለፈ። ጨው ያለበትን በንጹሕ ውሃ አጥባለሁ። በጸደይና በበጋው መጨረሻ ገና ሲያብረቀርቅ በ320 ፈግፍጌ አንድ ወይም ሁለት እጅ እጨምራለሁ፤ መደብዘዙ እስኪታይ ከተጠበቀ ዘግይቷል። ጭረት ባየሁ ቀን እንጨቱ ደረቅ ከሆነ በትንሽ ብሩሽ የቀጠነ ቫርኒሽ ጠብ አደርግበታለሁ። በቫርኒሹ ሥር ገርጣ ያለ ቢጫ ጥፍር የመሰለ ጥላ ከታየ ግን ከእንጨቱ ተላቋል፤ ከላይ መቀባት ዋጋ የለውም። አጥብቆ እስከያዘበት ድረስ መፋቅ፣ ጠርዙን በ120 እና በ180 ማሳሳት፣ በአሴቶን መወልወል፣ ከዚያ ከቀጭኑ ጀምሮ እንደገና መገንባት ነው። ባዶ የተተወውን መቀመጫ ቃጫውን አግድም፣ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አጥባለሁ።

ቫርኒሽ ወይም ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ጀልባ ውስጥ አላሳድረውም፤ ውሃ በሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ ነክሬ፣ ክዳኑን ገጥሜ ይዤው እወርዳለሁ።