ማስክ ሰፊው እና ዓይኑ

መጋቢት 2013 አንድ ጠዋት ግራ ዓይኔ አልከፈት አለኝ። የዓይን አር ሽፋሽፍቴን አጣብቆታል። ለብ ባለ ውሃ አላቅቄ መስታወት ሳይ በርበሬ መስሏል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ያኔ ሱፍ የሚያሰፋ ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ማስክ ነበር የምሰፋው። የጨርቅ ብናኝ ገብቶብኝ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ባለቤቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ቡና ውስጥ ጨምቃ አጠጣችኝ። የሰፈሩ ፋርማሲ ደግሞ ቴትራሳይክሊን ቅባት ሸጠልኝ። በሦስተኛው ቀን እሷ ቡና ስትቆላ አጠገቧ ተቀምጬ ሽታው የለም። ጭሱን አያለሁ፣ ሽታ ግን ምንም! ያኔ ደነገጥኩ።

ተመረመርኩ፤ ኮሮና ሆነ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። «ጋሼ፣ እሱ እኮ በዓይንም ይገባል» አለችኝ። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ለመግባት የሚጣበቅበት ነገር የዓይናችንን ነጭ በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይም አለ። እንባም በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ጠብታ ዓይናችን ውስጥ ስንጨምር ጉሮሯችንን የሚመረን ለዚሁ ነው። እኔ ለስንቱ ሰው አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ስሰፋ፣ በላብ እጄ ዓይኔን ስንቴ እንዳሸሁ እግዜር ይወቀው።

«እና በዓይኔ ነው የገባብኝ?» አልኳት። አብዛኛው ሰው የሚያዘው በትንፋሽ ነው፤ የእርስዎን ለይቶ ማወቅ አይቻልም አለችኝ። በቻይናዋ ዉሃን ከተማ ስለ በሽታው ቀድሞ ያስጠነቀቀው ሊ ወንሊያንግም የዓይን ሐኪም እንደነበር የሰማሁት ከእሷ ነው። የተያዝኩት ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ካለባት ታካሚዬ ነው ብሎ ያምን ነበር። ጥር 2012 መጨረሻ ላይ ሞተ፤ ገና 33 ዓመቱ ነበር።

ቅባቱን አስጣለችኝ። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ፣ ለብቻ ፎጣ፣ እጅ መታጠብ፤ በቃ። «ዓይንዎን ካመመዎት፣ ብርሃን ከወጋዎት ወይም እይታዎ ድንገት ከደበዘዘ ግን አንድ ቀን አያሳድሩ» አለችኝ። አልፎ አልፎ በኮሮና ምክንያት በዓይን የኋላ ክፍል ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ደም ይረጋል አሉ። እኔን በሽታው በ10 ቀን ለቀቀኝ። (ባለቤቴ ዳማከሴው ነው ትላለች።)

ከዚያ በኋላ የቀረኝ የዓይን ድርቀት ነው። ማታ ማታ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ። ይኼ ደግሞ የገዛ ማስኬ ጣጣ ሆኖ ተገኘ። ትንፋሹ በአፍንጫ በኩል ወደ ላይ እየወጣ እንባን ያደርቃል፤ መነጽሬም በጉም የሚሸፈነው በዚሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጭን ሽቦ እያወጣሁ ከላይኛው ጠርዝ ላይ እሰፋ ጀመር። አፍንጫ ላይ ጫን ሲያደርጉት ይገጥማል። ደንበኞቼ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉኝ ነበር። «ለዓይናችሁ ነው» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ።