ማርቆስ ከማርቆስ

ስሜ ሲጠራ እየሰማሁ ያደግሁት መናኸሪያ ላይ ነው። «ማርቆስ! ማርቆስ! ማርቆስ! ሁለት ሰው የቀረው!» ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጮሃል፣ እኔ ዞር እላለሁ። የተወለድሁት አማኑኤል ከተማ ነው፤ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ መካከል፣ ዋናው አስፋልት ላይ። የአካባቢያችን ሰው ደብረ ማርቆስን በሙሉ ስሙ አይጠራውም። «ማርቆስ ሄደ»፣ «ከማርቆስ መጣ»፣ «ልጁን ማርቆስ ያስተምራል» ነው የሚለው። አሁን እኔም የምኖረው እዚያው ነው፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። እናቴ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሁሌም አንድ ነው፦ «ማርቆስ፣ ማርቆስ ነህ?»

«አዎ እማዬ፣ ማርቆስ ነኝ።» ለሁለቱም አንድ መልስ ይበቃል።

የሰውና የቦታ ስም ሲገጥም ብዙ ሰው አጋጣሚ ይመስለዋል። አይደለም። ቢያንስ በእኛ በጎጃም አይደለም። ስሙ ከመጽሐፍ ተነስቶ ዘሎ ልጁ ላይ አያርፍም። መጀመሪያ ታቦት ይገባል። በታቦቱ ዙሪያ ገበያ ይቆማል፣ ሰው ይሰፍራል፣ መንደሩም በታቦቱ ይጠራል። ከዚያ አንዲት እናት ለታቦቱ ትሳላለች፣ ወይም በበዓሉ ቀን ትወልዳለች። ልጁ ያንኑ ስም ይይዛል። እኔ የተወለድሁት ሚያዝያ 30 ነው፤ የወንጌላዊው የማርቆስ በዓል። እናቴ ሌላ ስም አላሰበችም። አባቴም አልተከራከረም።

ከተማውም ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ድሮ መንቆረር ነበር የሚባለው። የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ስሙ ወደ ከተማው ተሻገረ። ይህ የሆነው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ነው። እሳቸው ራሳቸው ራስ አዳል ነበሩ። በጥር 1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ፊት ሲነግሡ ነው ተክለ ሃይማኖት የተባሉት፤ የጻድቁን ስም ወስደው። ሰውየውም ከተማውም አዲስ ስም የያዙት በአንድ ዘመን ነው ማለት ነው። በዚያው ዘመን ከግብፅ አራት ጳጳሳት መጡ፦ ጴጥሮስ፣ ማቴዎስ፣ ሉቃስና ማርቆስ። ለጎጃም የደረሱት አቡነ ሉቃስ ናቸው። ከተማችን በማርቆስ እየተጠራ ጳጳሱ ሉቃስ ሆኑ። ሁለት ወንጌላውያን ለአንድ አገር። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አማኑኤል ደግሞ የራሱ ነገር አለው። የእኛ ሰው ከሁሉ የከበረውን ስም ብቻውን ለልጅ አይሰጥም። «ማርያም» ተብላ የምትጠራ የገጠር ሴት አላጋጠመችኝም፤ ወለተ ማርያም ናት። «ሥላሴ» የሚባል ወንድ የለም፤ ኃይለ ሥላሴ ወይም ወልደ ሥላሴ ነው። ቦታውም እንዲሁ ነው። ደብረ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ኤልያስ እንላለን። ሰውም መሬትም ከከበረው ስም በፊት ዝቅ ብሎ የሚገባበት ቃል ይጨመርለታል። አማኑኤል ግን የጌታ ስም ሆኖ ሳለ እንዳለ ይሰጣል፤ ለልጁም፣ ለከተማውም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ7ኛው ምዕራፍ የተናገረው፣ ማቴዎስ በ1ኛው ምዕራፍ የደገመው ስም ነው። ትርጉሙን ማቴዎስ እዚያው ጽፎታል፤ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር»። አብሮ የመሆን ስም ስለሆነ ይመስለኛል ማንም ሊሸከመው የተፈቀደው።

አዲስ አበባ ስማር «ከየት ነህ?» ተብዬ «ከአማኑኤል» ስል የሚስቁ ነበሩ። እዚያ አማኑኤል ሲባል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሉ ነው የሚታወሳቸው። ሳቁን አልወደድሁትም፤ ዛሬም አልወደውም። አእምሮው የታወከ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አብሮት የሚሆን ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት ከዚህ የተሻለ ስም የለም።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ የመጣ ሰው መንገዱን ልብ ብሎ ካየው መጽሐፍ ያነባል። የዓባይ በረሃ ከመግባታችሁ በፊት ጎሐ ጽዮን አለች፤ የጽዮን ንጋት። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ይመጣል፣ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ያያሉ። ድልድዩን ስትሻገሩ የተሻገራችሁት ግዮንን ነው። ደጀን ስትወጡ ጎጃም ገባችሁ። ሉማሜን አልፋችሁ ደብረ ማርቆስ። ከማርቆስ አማኑኤል። ደምበጫን አልፋችሁ ፍኖተ ሰላም።

ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ነበር። የአሁኑ ስም በሉቃስ ወንጌል 1ኛ ምዕራፍ መጨረሻ አካባቢ፣ በካህኑ በዘካርያስ ጸሎት ውስጥ አለ፤ እግራችንን ወደ ሰላም መንገድ እንዲያቀና የሚለው። እህቴ እዚያ ነው የምትኖረው። ባለፉት ዓመታት መንገዱ በተዘጋ ቁጥር፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የከተማዋን ስም ስጠራ ጸሎት እያደረስሁ ያለሁ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ግዮንን ግን እንዲሁ ማለፍ አልችልም። ዘፍጥረት 2፥13 «የሁለተኛውም ወንዝ ስም ግዮን ነው፤ እርሱም የኢትዮጵያን ምድር ሁሉ ይከብባል» ይላል። ይህን ክፍል ውስጥ ካርታ ሰቅዬ ነው የማነበው። ከሰከላ፣ ከግሽ ተራራ ሥር ውኃው ይነሳል። ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ይገባል። ባሕር ዳር ላይ ከጣና ይወጣል። ጢስ ዓባይ ላይ ይወድቃል፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ በበረሃው ዞሮ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ተማሪ አውጥቼ በጣቱ እንዲከተለው አደርጋለሁ። ጣቱ ዞሮ ዞሮ ጎጃምን ከሦስት ወገን ይከባል። «ቲቸር፣ ከበበን እኮ!» የሚል አንድ አይጠፋም። እሱን ድምፅ ለመስማት ነው የማስተምረው ብል አላጋነንሁም።

ግሽ ዓባይን ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 አይተውታል። መጽሐፍ ላይ «አገኙት» ይባልላቸዋል። ምንጩ ግን የራሱ ባለቤት አለው። የአቡነ ዘርአ ብሩክ ቦታ ነው። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ እንደሰጡት፣ ውኃውም ሳያርሳቸው እንደመለሰላቸው አባቶች ይተርካሉ። ዛሬም ሰው ጠበሉን በጀሪካን ቀድቶ ለታመመ ዘመዱ ይወስዳል። የአማቶቻችን ቤት እዚያው ሰከላ ነው። ስንሄድ የእህቴ ባል አባት ከጠጅም ከጠላም በፊት ያንን ውኃ ነው በጣሳ የሚሰጡን።

ሌላም ግዮን አለ፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ በዳዊት ከተማ ሥር ያለው ምንጭ። ካህኑ ሳዶቅና ነቢዩ ናታን ሰሎሞንን በዳዊት በቅሎ አስቀምጠው ወስደው የቀቡት እዚያ ነው። በኋላ ንጉሡ ሕዝቅያስ የላይኛውን የግዮንን ውኃ ደፍኖ ወደ ከተማው አስገባው። ክፍሌ ውስጥ ግዮንም ሰሎሞንም አሉ፤ አንድ ዴስክ ላይ። ይህን ስነግራቸው ተያዩ።

እዚህ ላይ ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር። በእናቴ ጊዜ ስም በታቦት በኩል ነበር የሚመጣው። አሁን ከስልክ ነው የሚመጣው። ወላጆች «ሞደርን የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች» ብለው ይፈልጉና ደስ ያላቸውን ይመርጣሉ። የስም መጥሪያ ወረቀቴ ላይ ዮርዳኖስ፣ ቤተልሔም፣ ገሊላ፣ ኤፍራታ፣ ኬብሮን፣ ቢታንያ፣ ኤደን ተደርድረዋል። ስሞቹ ያምራሉ፤ እወዳቸዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ልጁ ስሙ የት እንዳለ አለማወቁ ነው። «ኬብሮን የት ነው?» ስለው ትከሻውን ይነቀንቃል። ማንም አልነገረውማ። ልጅን በአገር ስም ጠርቶ አገሩን አለማሳየት ትክክል አይመስለኝም።

ስለዚህ ሁለት ካርታ እሰቅላለሁ። አንዱ የኢትዮጵያ ነው፤ ሌላው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጀርባ ያለው ካርታ በትልቁ የተሳለ። ስሙ ቦታ የሆነ ልጅ ወጥቶ ቦታውን ያሳያል። ከሁለቱም ላይ ካገኘው ደግሞ ጭብጨባ አለው። ቤተልሔም የምትባል ልጅ ኢየሩሳሌም አጠገብ አንዱን ታሳያለች፤ ከዚያ ጋይንት፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የድጓ ማስመስከሪያ ትምህርት ቤት ያለበትን ቤተልሔም። ገሊላ የምትባል የገሊላን ባሕር ታሳያለች፤ ከዚያ ጣና ላይ ገሊላ የምትባለውን ደሴት። ታቦር ያለ እንደሆነ ደብረ ታቦር ጎረቤት ናት፤ ቡሄም ነሐሴ 13 ከደጁ ይመጣለታል። ናዝሬት የምትባል ልጅ አንድ ጊዜ «የእኔ ከተማ አዳማ ሆነ» ብላኛለች። አዎ፣ አዳማ የቀድሞ ስሙን መልሷል፤ የሚገባውም ነው። መንቆረር የሚለውም ማርቆስ ውስጥ ዛሬም ይጠራል፤ ደስ ይለኛል። አንቺ ግን ናዝሬት ነሽ አልኳት። ከተማ ስሙን ቢመልስም ሰው የራሱን ይዞ ይኖራል።

ከሁሉ በላይ የሚያስገርማቸው ነገሩ መጽሐፉ ውስጥም መኖሩ ነው። ቃየን ከተማ ሠርቶ በልጁ ስም ሄኖሕ አላት። ዘንበሪ ኮረብታውን ከሳምር በሁለት መክሊት ብር ገዝቶ የሠራውን ከተማ በኮረብታው ባለቤት ስም ሰማርያ አለው። ኬብሮን አብርሃም ሣራን የቀበረበት፣ ዳዊትም ሰባት ዓመት ከመንፈቅ የነገሠበት ከተማ ነው፤ ዘጸአት 6 ላይ ደግሞ የቀዓት ልጅ ነው፣ የሙሴ አጎት። ኤፍራታ ካሌብ ያገባት ሴት ናት። ራሔል የተቀበረችበት መንገድም ኤፍራታ ነው፤ ሚክያስም ቤተልሔምን «ኤፍራታ» እያለ ይጠራታል። ቤርሳቤህ ደግሞ የሰሎሞን እናት ናት። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን አብርሃም ሰባት ቄብ በጎች ለይቶ ከአቢሜሌክ ጋር የማለበት ጉድጓድም ቤርሳቤህ ይባላል። ኤፍራታ የምትባል ተማሪዬ ይህን ከሰማች በኋላ ደብተሯ ሽፋን ላይ ከስሟ ሥር «1ኛ ዜና 2፥19» ብላ ጽፋለች። በቀይ እስክርቢቶ። አይቼ ምንም አላልሁም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

አሁን እኛም ቤት ክርክር አለ። እህቴ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ክርስትናው በ40 ቀኑ ነው። እናቴ «አማኑኤል ይባል፤ የአገሩን ስም ይያዝ እንጅ!» ብላ ቆርጣለች። ከሰከላ የመጡት የልጁ አያት ደግሞ ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው «እታለም፣ እርስዎ አንድ ማርቆስ አለዎት፤ ይህን ለእኛ ይተዉልን» አሏት። እሳቸው የፈለጉት ግዮንን ነው። እናቴ ዝም ብላ ቡናውን ቀዳች። ለእሳቸው ነው መጀመሪያ የሰጠችው፤ እኛም ገባን።

እኔም ድምፄን ለግዮን ሰጥቻለሁ። የክርስትና ስሙን ቄሱ ናቸው የሚያወጡት። እናቴ ያንን ስም ከክርስትና አባቱና ከቤተሰቡ ውጭ ማንም እንዳይሰማው ከወዲሁ አስጠንቅቃናለች። ክፉ የሚያስብ ሰው ስሙን ይዞ ወደ መተተኛ እንዳይሄድ ነው። ለጸሎትና ለቁርባን ብቻ ነው የሚጠራው። ስለዚህ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ለጠየቀኝ ሁሉ ግዮን እላለሁ፤ የት እንደሆነም አሳያለሁ።