ወደ ሜይንፍሬም ፋይል ሳዛውር የካፒታልና የስሞል ፊደልን ጣጣ እንዴት ተወጣሁት

የዩኒክስ ስክሪፕቶችን (የትእዛዝ ፋይሎችን) ወደ ሜይንፍሬም፣ ማለትም ትልልቅ ድርጅቶች ወደሚጠቀሙበት ግዙፍ ኮምፒውተር፣ የማዛወር ሥራ ደርሶኝ ነበር። ማሽኑ የሚሠራው ዜድ ኦኤስ በተባለው የአይቢኤም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ኮዱን ከማየቴ በፊት የፋይሎቹን ስም አየሁ፤ አሁንም ቢሆን በዚያው ነው የምጀምረው።

ዜድ ኦኤስ ውስጥ ሁለት ዓለም አለ። በነባሩ በኩል መረጃ የሚቀመጠው ዳታ ሴት (የሜይንፍሬሙ ፋይል) ውስጥ ነው። ስሙ በካፒታል ነው፤ ከነነጥቦቹ ከ44 ምልክት አያልፍም። የቲኤስኦ (በነባሩ በኩል ትእዛዝ የሚጻፍበት ክፍል) ትእዛዝ በስሞል ቢጻፍም ችግር የለም፣ ሲስተሙ ራሱ ወደ ካፒታል ይቀይረዋል። በዩኒክሱ በኩል ግን ትእዛዙም የፋይሉ ስምም እንደተጻፈ ነው የሚወሰደው።

ጣጣው ያለው ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ጄሲኤል፣ ማለትም ሜይንፍሬሙ የሚያስኬደው ሥራ (ጆብ) የሚታዘዝበት ቋንቋ፣ በካፒታል ይጻፋል፤ የዩኒክስ ፋይል አድራሻ ደግሞ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ይገባል፣ ፊደሉም እንዳለ ይጠበቃል። ኤዲተሩ ላይ «ካፕስ ኦን» ከበራ ግን ጥቅስ ውስጥ የምትጽፉት ሳይቀር ካፒታል ይሆናል። ከዚያ ጆቡ ፋይሉን አጣሁት ብሎ ይወድቃል። ስለዚህ ጄሲኤል ስከፍት መጀመሪያ «ካፕስ ኦፍ» እላለሁ።

ከሁሉም በላይ የምፈራው የስም መጋጨትን ነው። ፋይል ከዩኒክስ ወደ ዳታ ሴት ሲገለበጥ የሜምበሩ (ዳታ ሴቱ ውስጥ የሚቀመጠው የእያንዳንዱ ፋይል) ስም ካፒታል ይሆናል፣ ከ8 ፊደልም አይበልጥም። በካፒታልና በስሞል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ፋይሎች ካሉ አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል። ይህን ለመከላከል ስሞቹን በሙሉ አወጣሁ፤ 8 ፊደል ላይ ቆረጥኳቸው፤ «ቲአር» በተባለው የዩኒክስ ትእዛዝ ካፒታል አደረግኳቸው፤ ከዚያ በ«ሶርት» ደርድሬ በ«ዩኒክ» ትእዛዝ የተደጋገሙትን ለየሁ። ስም መቀየሩ ቀላል ነበር። ጊዜ የፈጀው በየስክሪፕቱ ውስጥ አሮጌውን ስም የሚጠሩትን መስመሮች በ«ግሬፕ» (የፍለጋ ትእዛዝ) አድኖ ማስተካከሉ ነው።

አደራደሩም ይለያያል፤ ኮምፒውተር ፊደልን የሚደረድረው በተሰጠው የቁጥር ኮድ ነው። ዩኒክስ ማሽኖች በለመዱት አስኪ በተባለው ኮድ ትልቁ «ኤ» 65፣ ትንሹ 97 ስለሆነ ካፒታል ይቀድማል። ሜይንፍሬሙ በሚጠቀምበት ኢብሲዲክ በተባለው ኮድ ግን ትንሹ 129፣ ትልቁ 193 ነው፤ ስሞል ይቀድማል፣ ቁጥሮችም ከፊደላት በኋላ ይመጣሉ። የትልቁና የትንሹ ልዩነት 64 ነው፣ ይህም የባዶ ቦታ ኮድ ነው። የአሴምብለር (ለማሽኑ በጣም የቀረበ ቋንቋ) ሰዎች ስሞሉን ከባዶ ቦታ ጋር «ኦር» በተባለው የቢት ማዋሃጃ ስሌት አዋህደው ካፒታል የሚያወጡት በዚህ ነው፤ በጣም የምወደው ዘዴ ነው። እኔን በተግባር የነካኝ ግን ንጽጽሩ ላይ ነው፦ በሁለት ማሽን የተደረደሩ ዝርዝሮች አይገጥሙም፤ ሁለቱንም አንድ ማሽን ላይ ደርድሬ ነው ያመሳከርኳቸው።