«ሁለት ሐኪም እንዴት አይስማማም?» ላላችሁኝ አብሮ አደጎቼ

ለጥምቀት ደብረ ብርሃን በገባሁ ሰሞን ልብስ ስቀይር ከወገቤ በታች የተለጠፈችውን ስስ ፓች ያዩ አብሮ አደጎቼ ምን እንደሆነች ጠየቁኝ። የወር አበባ ሲቋረጥ ሰውነት የሚጎድለውን ሆርሞን የምትተካ መድኃኒት መሆኗን፣ አንዱ ሐኪም አይሆንም ያለኝን ሌላው እንዳዘዘልኝም ነገርኋቸው። አንደኛዋ «በሠለጠነ አገር ሁለት ሐኪም እንዴት አይስማማም?» አለችኝ፤ ሌላዋ ደግሞ ምንም ሳትጠይቅ «ስትመለሺ ለእኔም ላኪልኝ» አለች። ሁለቱንም ንግግሮች ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ስለዚህ ይህን ለእነርሱና በእነርሱ ዕድሜ ላይ ሆነው ወደ ውጭ ለመውጣት ለሚያስቡ እኅቶቼ እጽፋለሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ የምሠራውም በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው። ከደረቴ ተነሥቶ አንገቴንና ፊቴን የሚያቃጥለው ወላፈን የጀመረኝ በረዶ በሚጥልበት ወቅት ነበር። ሌሊት አንሶላው በላብ እየራሰ እንቅልፍ አጥቼ አድር ነበር፤ ሲነጋ ከአልጋ የማነሣቸውን አረጋውያን ለመደገፍ ጉልበቴ እየከዳኝ፣ ትናንት የነገሩኝንም እየረሳሁ ተቸገርሁ። በእናቶቻችን ዘንድ ይህ ሁሉ «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ውጤት መሠረት፣ ወላፈኑ በሚበረታባቸው ሴቶች ላይ ሕመሙ በመካከለኛ ግምት 7.4 ዓመት፣ በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ደግሞ 10.1 ዓመት ይቆያል። ዐሥር ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ማጣት በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ያየኝ ጠቅላላ ሐኪም ሆርሞን የሚለውን ቃል እንደሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ «የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ያመጣል፣ እኔ አላዝም» ብሎ በምትኩ የድብርት መድኃኒት ጻፈልኝ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በአነስተኛ መጠን ሲወሰዱ ወላፈኑን እንደሚቀንሱ እውነት ነው፤ እርሱ ግን ይህን ስላላስረዳኝ አእምሮዬን የጠረጠረ መስሎኝ አዝኜ ወጣሁ። ቀጥሎ ያየችኝ የማኅፀን ሐኪም ደግሞ ዕድሜዬን ጠይቃ፣ የደም ግፊቴን ለክታ፣ «ለእርስዎ ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል» አለችኝ። ፋርማሲ የተሰጠኝን ወረቀት ስዘረጋ ከላይ በጥቁር መስመር የታጠረ ማስጠንቀቂያ አገኘሁ፤ ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የመርሳት በሽታ ይላል። እንግሊዝ ያለችው ጓደኛዬ በስልክ «እኛ ጋ ብዙ ሴት ሆርሞኑን በጄል መልክ ይቀባዋል» ስትለኝ፣ ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው አንዲት እናት ደግሞ ጠበልና ተልባ እንደሚበቃኝ መከሩኝ። ከዚህ ሁሉ መካከል ማንን ላምን?

ነገሩን ስከታተለው የክርክሩ ምንጭ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 የተቋረጠ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት መሆኑን ተረዳሁ። 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ይህ ጥናት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የተባሉ ሆርሞኖችን በአንድነት በእንክብል ከሚወስዱ 10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 38ቱ፣ መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል ከሚወስዱት ደግሞ 30ዎቹ የጡት ካንሰር እንደሚይዛቸው አሳየ። የልብ ሕመም፣ ስትሮክና ወደ ሳንባ የሚሄድ የደም መርጋትም በተመሳሳይ መጠን ጨምረው ተገኙ፤ የዳሌ አጥንት ስብራትና የትልቁ አንጀት ካንሰር ግን ቀነሱ። ዜናው በተሰማ ጊዜ ሐኪሞች ማዘዛቸውን፣ ሴቶችም መውሰዳቸውን በብዛት አቆሙ፤ የመጀመሪያው ሐኪሜም ትምህርቱን የተማረው በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። የብዙዎችን ዓይን ያመለጠው ነገር የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት መሆኑ ነው። አብዛኞቹ የወር አበባቸው ከቀረ ብዙ ዓመታት ያለፋቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ምርመራዎች ላይ ተመሥርቶ የሰሜን አሜሪካው የማረጥ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው አቋም፣ ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ ወይም የወር አበባቸው ከቀረ ዐሥር ዓመት ላልሞላቸው፣ ክልከላም ለሌለባቸው ሴቶች ለወላፈኑ ሕክምና ጥቅሙ እንደሚያመዝን አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ደግሞ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያ በጥቁር መስመር የታጠረ ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው እንዲነሣ መወሰኑን ገለጸ፤ ማኅፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን ብትወስድ የሚያሰጋት የማኅፀን ካንሰር ማስጠንቀቂያ ግን እንዲቆይ አደረገ። በዚህ ውሳኔም ቢሆን ሁሉም ሐኪሞች አልተስማሙም።

እንግዲህ ሁለቱ ሐኪሞቼ የተናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ሴቶች ነበር። አንዱ የ63 ዓመቷን፣ እንክብል የምትውጠውን ሴት በአእምሮው ይዞ ሲከለክለኝ፣ ሌላዋ ፊት ለፊቷ የተቀመጥሁትን እኔን አይታ ፈቀደችልኝ። ለመንዝ ደጋ የተባለውን የገብስ ዘር ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ዘርቶ «ዘሩ መጥፎ ነው» እንደማለት ነው። መድኃኒቱም ራሱ አንድ አይደለም። በ2002ቱ ጥናት የተሰጠው ኢስትሮጅን ከርጉዝ ባዝራ ሽንት ተጣርቶ የሚወጣ ሲሆን፣ ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ፈረስ እያዩ ያደጉ ሴቶች ናቸውና አፋቸውን ያዙ። በእኔ ፓች ውስጥ ያለው ከእፅዋት ተነሥቶ በላብራቶሪ የሚሠራ፣ የሴት እንቁላል ማምረቻ ከሚያመነጨው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ኢስትሮጅን ነው። ለመድኃኒት ሰውነቷን የምትሰጥ ሴት የምትወስደው ከምን እንደተሠራ ሳይነገራት መቅረቱ ልክ አይመስለኝም፤ በተለይ በምትበላው ነገር ላይ ሃይማኖቷ ድንበር ላበጀላት ሴት።

አሁን ከሁሉ የበለጠ ወደ ቆጨኝ ነገር ልምጣ። የማኅፀን ሐኪሟ ከማዘዟ በፊት ስለ ቤተሰቤ ጤና ትጠይቀኝ ጀመር። እናትዎ የወር አበባቸው በስንት ዓመታቸው ቀረ? አላውቅም። ከእናትዎ እኅቶች ወይም ከአያቶችዎ የጡት ካንሰር የነበረባት አለች? አላውቅም። ደም የረጋበት፣ በስትሮክ የሞተ? አላውቅም። በእያንዳንዱ መልስ ላይ ኮምፒዩተሯ ላይ «አይታወቅም» የሚለውን ስትመርጥ ስክሪኑ ወደ እኔ የዞረ ስለነበር አየሁት፤ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ለጋብቻ እንዳንዛመድ እስከ ሰባት ቤት ዘሬን ስቆጥር ያደግሁ፣ የአያቶቼን ስም ከነአገራቸው የምጠራ ሴት፣ የገዛ አክስቴ በምን እንደሞተች ለማያውቀኝ ሰው መመለስ አቃተኝ። ሐኪሟ ምንም ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ሆኖም ቤተሰብ የሌላት ሰው መስዬ የታየሁ ያህል ፊቴ በኀፍረት ጋለ፤ በዚያች ቅጽበት ወላፈን አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ደወልሁ። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያለ ነገር በስልክ የምትጠይቂኝ ልጄ?» ብላ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ ግን ቀስ በቀስ ነገረችኝ። የእርሷ የቀረው ታናሽ ወንድሜን በወለደች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነበር። መንዝ ተድራ የነበረችው ታላቅ እኅቷ «መጋኛ መታት» ሲባል ነበር የምናውቀው። እናቴ ያየችውን ስትተርክልኝ ግን አክስቴ በአራስነቷ አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ጠዋት ድንገት ትንፋሽ አጥሯት ነው ያረፈችው። ይህን ለሐኪሟ ስነግራት እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ አዳመጠችኝ። ዘመን ያለፈው ነገር ስለሆነ ማረጋገጥ ባይቻልም ከእግር ተነሥቶ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም ሊሆን እንደሚችል ገልጻ፣ በአፍ የሚወሰደው ኢስትሮጅን በጉበት በኩል ስለሚያልፍ የደም መርጋትን እንደሚጨምር፣ በቆዳ በኩል የሚገባው ግን በዚህ ረገድ የተሻለ እንደሆነ አስረዳችኝ። እንክብሉን ትታ ፓቹን ያዘዘችልኝ በአክስቴ ምክንያት ነው።

በእኛ ዘንድ እናቶች ሕመማቸውን በነውር ሸፍነው ይቀበራሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ ዘርን እንጂ የዘርን ሕመም አይወርሱም። በዚያኛው አገር ደግሞ ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ ይጠይቅሃል፤ «አላውቅም» ካልህ ለምን እንደማታውቅ የሚጠይቅህ የለም፤ መልሱን መርጦ ያልፋል። አገር ቤት ዝምታው፣ ባሕር ማዶ ጥድፊያው ሴቲቱን ይጎዷታል።

ፓቿን በሳምንት ሁለት ጊዜ እቀይራለሁ፤ የነጠላ ክር በዳርቻዋ ተለጥፎ ግራጫ ቀለበት ይሠራል፣ እርሱን በዘይት ማስለቀቅ ይገባል። ማኅፀን ስላለኝ የማኅፀኔ ግድግዳ እንዳይወፍር ማታ ማታ ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሌላ ሆርሞን በካፕሱል እውጣለሁ። በሳምንታት ውስጥ እንቅልፌ ተመለሰልኝ፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ደም ታየኝ። ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ከመግባት የሚያግደኝ ቀን የለም ብዬ ደስ ብሎኝ ስለነበር አለቀስሁ። የንስሐ አባቴ «ሕክምናሽን እንዳታቋርጪ» አሉኝ፤ ሐኪሟም በመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ ስድስት ወራት እንዲህ ያለው የተለመደ መሆኑን፣ ከዚያ ካለፈ ግን በአልትራሳውንድ መታየት እንዳለበት ነገረችኝ። መድኃኒት ሳትወስድ የወር አበባዋ ዓመት ሙሉ ከቀረ በኋላ ደም ያየች ሴት ግን አንድም ቀን ሳታሳልፍ መመርመር አለባት፤ የማኅፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ወደ ውጭ ለመውጣት የምታስቡ እኅቶች፣ ፓስፖርትና የጋብቻ ወረቀት እንደምታዘጋጁት ሁሉ እናታችሁንና አክስቶቻችሁን ጠይቃችሁ የቤተሰባችሁን ሕመም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ማን በስንት ዓመቷ አረጠች፣ ማን ጡቷን ታመመች፣ ማን እግሩ አብጦ ሞተ። ሐኪም ሲከለክላችሁም ሲያዝላችሁም «ይህ በእኔ ዕድሜ ላለች ሴት ነው? ስለ የትኛው መድኃኒት ነው የሚነግሩኝ? በአፍ ነው በቆዳ?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚያ መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርም፤ ዝም ያለች ሴት የተስማማች ተብላ ትታለፋለች።

ላኪልኝ ላልሽው፣ ስምሽን የማልጠራሽ ጓደኛዬ፦ ፓቹን አልልክልሽም። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ያገኛት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚታያት ሴት ይህን መድኃኒት ሳትመረመር መለጠፍ የለባትም። አንቺ ደግሞ ቡናው ሦስተኛ ላይ ሲደርስ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደም ተመልሶ እንዳየሽ እንደ ዋዛ ነግረሽኛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ የማኅፀን ሐኪም አለ፤ ለአልትራሳውንዱ የሚያስፈልገውን እኔ እከፍላለሁ። ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፤ እስከዚያ እናትሽን ጠይቂያትና የምትነግርሽን ሁሉ ጽፈሽ ያዢ።