«ነርስ 1» ማን ነው?

ሲስተሯ ወደ ቢሮዬ የገባችው በምሳ ሰዓት፣ ሰው የማይኖርበትን ጊዜ ጠብቃ ነው። በሩን ዘጋችና እዚያው ቆመች። ወደ እኛ ክፍል የሚያመጣት አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት የሚቀረቅር ማተሚያ ወይም አልነሣ ያለ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ተነሥቼ ልከተላት ተዘጋጀሁ።

«ዛሬ የተበላሸ ነገር የለም» አለችኝ። «የእኔን ካርድ ማን ማን እንደከፈተው ማየት ትችላለህ?»

ነገሩን ባጭሩ ነገረችኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት በዚሁ በምንሠራበት ሆስፒታል ታክማለች። ስለ ሕመሟ ከሐኪሟ በቀር ለማንም አልተናገረችም። በዚያን ዕለት ጠዋት ግን አንዲት ባልደረባዋ ጠጋ ብላ፣ በአዘኔታ ድምፅ፣ «መድኃኒቱ ተስማማሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ክፋት አልነበረበትም ይሆናል። ማን እንደነገራት ስትጠየቅ ግን «ሰው ሲያወራ ሰማሁ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም።

እኔ በልበ ሙሉነት ወንበር ሳብኩላት። የታካሚዎች ካርድ በኮምፒውተር የሚያዝበት ሲስተም ሲገዛ ለአመራሩ ገለጻ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ካርድ በተከፈተ ቁጥር ማን እንደከፈተው፣ በስንት ሰዓትና ከየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ ሎጉ ላይ፣ ማለትም ሲስተሙ ራሱ በሚይዘው መዝገብ ላይ፣ ይቀራል፣ ማንም ሊፍቀው አይችልም እያልኩ የተኩራራሁትም እኔው ነኝ። «ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው» አልኳት።

ሁለት ደቂቃም አልፈጀም። ካርዷ 11 ጊዜ ተከፍቷል። አራቱ የሐኪሟና የላቦራቶሪው ናቸው። የቀሩት ሰባቱ፣ ከእነሱም ሁለቱ በሌሊት፣ በአንድ የተጠቃሚ ስም የተከፈቱ ናቸው፦ ነርስ 1።

ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩት። ዝም ብላ አየችው፤ ቆይታ «ነርስ 1 እኮ እኔም ነኝ» አለች።

እውነቷን ነው። እሷ ባለችበት ዋርድ የሚሠራ ሁሉ ነርስ 1 ነው፤ የቀን ተረኛው፣ የሌሊት ተረኛው፣ ለልምምድ የመጣው ተማሪ ሳይቀር። ይህን ስም ደግሞ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ነርሶቹ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ዘገየ እያሉ በየቀኑ ስልኬን ያጨናንቁት ነበር። የአንዱ ሰው መግቢያ ተዘግቶ የሌላው እስኪከፈት አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በአንድ ፈረቃ 30 ጊዜ የሚገባና የሚወጣ ሰው 45 ደቂቃውን ባዶ ስክሪን ሲያይ ያሳልፋል ማለት ነው፤ በሽተኛው እየተጣራ። አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት በጀት የለም ተባልኩ። እኔም አንድ የጋራ ስም ከፍቼ፣ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ድረስ ሳይዘጋ እንዲውል አደረግሁ። ስልኩ ጸጥ አለ። በዚያ ወር ምስጋናም ተጽፎልኛል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዋርዱ ወረድኩና ኪቦርዱን ገለበጥኩት። ከሥሩ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት ነበር። በአንድ እጅ የተጻፈ አይደለም። የወር ስምና ዓመተ ምሕረት፣ ተሠርዞ ቀጣዩ ወርና ዓመተ ምሕረት፣ እሱም ተሠርዞ ሌላ። የይለፍ ቃል በየ30 ቀኑ ይቀየር የሚለውን ደንብ ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ ሰዎቹም በታማኝነት ፈጽመውታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ የይለፍ ቃሉ መውጣቱን የሚያሳይ ምልክት ከሌለ በስተቀር ሰውን በየጊዜው ቀይር እያሉ ማስገደድ እንደማይገባ ተናግሯል። መመሪያውን አንብቤዋለሁ። ግን ደንብ ማውጣት ደንብ ከመሻር ይቀላል።

ለአመራሩ ሪፖርት ሳዘጋጅ አንድ የፊንላንድ ጉዳይ አገኘሁ፤ ሳነበው የእኛኑ ዋርድ የሚያወራ መሰለኝ። አንዲት ነርስ በምትሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል የኤችአይቪ ክትትል ታደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 መጀመሪያ ላይ ባልደረቦቿ ነገሩን እንዳወቁ ጠረጠረች። ካርዷን ማን እንዳየው ስትጠይቅ፣ ሲስተሙ የሚይዘው የመጨረሻዎቹን 5 ምልከታዎች ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እነሱንም በክፍል እንጂ በሰው ስም አይመዘግብም። የአገሯ ፍርድ ቤቶች ማስረጃ የለሽም ብለው መለሷት። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 ፈረደላት። ካርዱን ያየው ማን እንደሆነ እሷ ማስረዳት አይጠበቅባትም፤ ማወቅ እስከማይቻል ድረስ መዝገቡን ክፍት መተው ራሱ የግል ሕይወት መብቷን መጣስ ነው የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ይህን አንቀጽ ሪፖርቱ ላይ አስገባሁት። ለሁለት ዓመት የጠፋው በጀት በሁለት ሳምንት ተገኘ።

ነርስ 1 ተሠረዘ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የደረት መታወቂያውን አንባቢው ላይ አስነክቶ የሚገባበት፣ መልሶ ሲያስነካ ስክሪኑ የሚዘጋበት፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ሥራውን ካቆመበት የሚያገኝበት አሠራር ተዘረጋ። አሁን የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። የመታወቂያውን ነገር ማንም አልተቃወመም፤ የተቃወሙት ሌላውን ነው። ሰው የራሱን ዋርድ በሽተኞች ካርድ ብቻ ይክፈት ስንል ሐኪሞቹ ተነሡ። ራሱን ስቶ ሌሊት የመጣን ሰው አለርጂ ለማየት ከእናንተ ፈቃድ ልንጠብቅ ነው ወይ አሉ። ልክ ናቸው፤ በሆስፒታል ውስጥ የተቆለፈ በር ራሱ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በሩን አልቆለፍነውም። ከዋርዱ ውጭ ያለ ካርድ ለመክፈት የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጽፋል፣ ወዲያው ይከፈትለታል፣ የጻፈው ደግሞ በየሳምንቱ ለካርድ ክፍል ኃላፊዋ ይደርሳል። በቂ ምክንያት ካልተገኘ ባለካርዱ እንዲያውቀው ይደረጋል።

ሰባቱን ጊዜ ማን እንደከፈተው እስከዛሬ አልታወቀም። ሊታወቅም አይችልም።

የመጀመሪያው ሳምንታዊ ሪፖርት በወጣ ማግሥት የካርድ ክፍል ኃላፊዋ አስጠሩኝ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። አጠራጣሪ ተብሎ በቀይ የተሠመረበት አንድ መስመር ብቻ ነበር። የተጠቃሚው ስም የእኔ ነው። የተከፈተው ካርድ የሲስተሯ ነው። በምክንያቱ ቦታ ላይ «ሙከራ» ይላል።

«ሎጉ መሥራቱን ለማረጋገጥ ነው» አልኳቸው።

«ለሙከራ የሚሆን የሐሰት ታካሚ ሲስተሙ ላይ የለም እንዴ?»

አምስት አሉ። ራሴ ነኝ የፈጠርኳቸው። የሲስተሯን ካርድ የመረጥኩት ቁጥሩ አእምሮዬ ውስጥ ስለቀረ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እየተናገርኩ እያለ ለራሴም አላሳመነኝም።

«እንግዲህ ደንቡን ታውቀዋለህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ዋርዱ ወረድኩ። ሲስተሯ መድኃኒት እየደረደረች ነበር። ነገርኳት። እጇን ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችኝ።

«ምን አየህ?»

«ምንም። ከፍቼ ወዲያው ዘጋሁት።»

ጣቷን መስመሩ ላይ እያስሄደች የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት አነበበች።

«40 ሰከንድ» አለች።