ዳማው ውጭ፣ እኛ ውስጥ

ነሐሴ 12፣ ማታ

ዛሬ ከጥሊሊ ስንመለስ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። ብልጭ ሲል መቁጠር ጀመርኩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በፊት ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ይህ ሜዳ ላይ ላለ ሰው ቅርብ ነው። 12 ሳልደርስ አጓራ።

«እንጋልብና እንቅደመው» አሉ አጎቴ።

ዝናቡንስ ይቅደሙት፤ መብረቅን የሚቀድም ፈረስ ከየት ይመጣል? «ጋሼ፣ እንውረድ» አልኳቸው። ገላመጡኝ። ፈረሰኛ መንገድ ላይ ወርዶ በእግሩ ሲሄድ መታየቱ ውርደት ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲያከብር እርሳቸው አይቀሩም፤ ግን ጥር በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ።

ወረዱ፤ እያጉረመረሙ። ወዲያው ዳማ ፈረሳቸውን እየሳቡ ብቻውን ወደቆመ አንድ ትልቅ ዛፍ አመሩ። እዚህ ላይ ጮህኩ። መብረቅ ዛፍ ሲመታ በግንዱ ወርዶ በመሬት ይሰራጫል። ሰው እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ቢል የሚያልፍበትን መንገድ ያጠብበታል። ፈረስ ግን የፊትና የኋላ እግሩ የተራራቀ ነው፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልቡን አቋርጦ ይሄዳል። ዛፍ ሥር የተጠለለ የከብት መንጋ በአንድ ምት የሚያልቀው ለዚህ ነው። ይህን ስነግራቸው ለራሳቸው ሳይሆን ለዳማው ደነገጡ። ከዛፉም ከሽቦ አጥሩም ርቀን ወደ ዝቅተኛው ሜዳ ወረድን።

አስፋልቱ ላይ አንድ አይሱዙ ቆመ። ሹፌሩ «ግቡ!» ይላል። የተዘጋ መኪና ከሳር ጎጆም ይሻላል፤ መብረቁ በውጭ ብረቱ ዞሮ ወደ መሬት ይወርዳል።

«ፈረሴንስ ለማን ልተው?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። የፈረሶቹን ዛብ አንገታቸው ላይ ቋጠርን፣ እርካቡን ወደ ላይ ሰቀልን፣ አራርቀን ለቀቅናቸው። አጎቴ ጋቢና ውስጥ መስታወቱን በመዳፋቸው እየጠረጉ ዳማውን ብቻ ያያሉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ 30 ደቂቃ እስኪሞላ እንዳይወርዱ ስለምን ሹፌሩ ሳቀብኝ። ፈረሶቹ ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ቆመው አገኘናቸው።

ነገ ወደ ጥሊሊ እንመለሳለን። አጎቴ «በጠዋት ወጥተን ከቀትር በፊት እንገባለን» ብለዋል። የክረምት መብረቅ የሚበዛው ከሰዓት ስለሆነ ደስ ብሎኛል፤ እርሳቸው ግን ምክንያታቸው ገበያው ነው ይላሉ።