ከአዳማ መጋዘን እስከ ናይሮቢ፦ 28 ቶን ቦሎቄ በሞያሌ በኩል

ቦሎቄ ለኬንያ ገዢ ስጭን ሒሳቡን የምጀምረው ከአዳማ መጋዘን አይደለም፤ ናይሮቢ ሊገባ ሲል ጁጃ ላይ ካለው የመኪና ሚዛን ነው። ይህን ልማድ ያመጣው አንድ ቁጥር ነው፦ 400። አዳማ ላይ አንድ መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል ይባላል፤ ደላላውም፣ ጫኝና አውራጁም፣ ባለ መኪናውም ዋጋ የሚቆርጡት በዚሁ ነው። ሞያሌ ላይ ግን ጭነቱ ወደ ኬንያ መኪና ይገለበጣል፤ ያ መኪና 400 ኩንታል ቢችል እንኳ ሕጉ አይፈቅድለትም። በመጀመሪያው ጭነት 280 ኩንታሉ ሲሄድ 120ው ሞያሌ ቀረ። ለ120 ኩንታል ሙሉ መኪና መከራየት አያዋጣም፤ ልጠብቅ ቢሉ የመጋዘን ኪራይ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን በአንድ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) የወጣ ዕቃ ለሁለት ተከፍሎ መግባቱ ነው፤ ሁለተኛው ቁራጭ የራሱ ፈቃድና የራሱ የጤና ምስክር ወረቀት የለውም።

የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የመኪና ጭነት ሕግ ባለ 6 አክስል (የጎማ ዘንግ) ሴሚ ትሬለር ከነራሱ ክብደት ከ50 ቶን እንዳያልፍ ያዛል፦ የፊቱ አክስል 8፣ የኋላው ጥንድ 18፣ የትሬለሩ ሦስቱ በአንድነት 24። ባዶው መኪና 19 ወይም 20 ቶን ይመዝናል። በወረቀት 30 ቶን ይተርፋል፤ እኔ የምጭነው 28 ነው። ሁለቱን ቶን የምተወው ጠቅላላውን ፈርቼ አይደለም፤ ጠቅላላው 49 ሆኖ የትሬለሩ ሦስት አክስሎች 26 ከያዙ መኪናው ያው ተይዞ ስለሚቆም ነው። 28 ቶን ማለት ባለ 50 ኪሎ 560 ጆንያ ነው። የባዶው ጆንያ ክብደት 120 ግራም ገደማ ስለሆነ ጠቅላላው 28,067 ኪሎ ይመጣል። ይህ 67 ኪሎ ተረስቶ በአንዱ ሰነድ የተጣራው፣ በሌላው ያልተጣራው ክብደት ከተጻፈ ጠያቂ አያጣም።

መጠኑ ትንሽ ሲሆን ከአዳማም በሴሚ ትሬለር 280 ኩንታል ብቻ ጭኜ አንድ ለአንድ አገለብጣለሁ። ለአዳማው ባለ መኪና ይህ የቀለለ ጭነት ነው፤ ስለዚህ በኩንታል ሳይሆን በጉዞ ነው የምዋዋለው፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ ሌላ ዕቃ ይደርብበታል። መጠኑ ትልቅ ከሆነ 7 ተሳቢ ለ10 የኬንያ መኪና ልክ ይገጥማል፦ ሁለቱም 280 ቶን ነው። ያኔም ቢሆን ሰነዱን የማዘጋጀው በ28 ቶን በ28 ቶን፣ ለአሥር ጭነት ነው። በ40 የተሠራ ሰነድ ድንበር ላይ አይሰነጠቅም።

መንገዱ ራሱ ብዙም አያስቸግርም። ከአዳማ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ፤ ከዚያ ዲላ፣ ቡሌ ሆራ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ፤ በጠቅላላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። የሞጆ–ሐዋሳን የፍጥነት መንገድ አራት አበዳሪ ነው የተካፈለው፦ ከሞጆ መቂ 56 ኪሎ ሜትሩን የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከመቂ ባቱ 37ቱን የደቡብ ኮሪያ ኤግዚም ባንክ፣ ከባቱ አርሲ ነጌሌ 57ቱን የዓለም ባንክ፣ ከአርሲ ነጌሌ ሐዋሳ 52ቱን የቻይና ኤግዚም ባንክ። ከሐዋሳ በታች እስከ ቡሌ ሆራ ያለው 198 ኪሎ ሜትርም፣ በኬንያ በኩል ከቱርቢ ሞያሌ ያለው 122 ኪሎ ሜትርም የአንድ ፕሮጀክት ሁለት ጫፎች ናቸው፤ የአፍሪካ ልማት ባንክ የሞምባሳ–ናይሮቢ–አዲስ አበባ ኮሪደር ብሎ ለሁለቱም አገር አበድሮ ያሠራቸው። ከሞያሌ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ባይሆን ኖሮ ይህ ንግድ በዚህ መጠን አይታሰብም ነበር። አሽከርካሪን የሚያደክመው ከዲላ ቡሌ ሆራ ያለው ጥምዝምዝና ዳገት ነው፤ ጭነት የሚንሸራተተውም እዚያ ነው። መንገዱን ብዙ አበዳሪ ተረባርቦበታል፤ የተሳሳተ ኢንቮይስ የሚያርም አበዳሪ ግን እስካሁን አልመጣም።

ስለዚህ ወረቀቱ። ቅደም ተከተሉ እንደ ጭነቱ ሁሉ ከኬንያ ይጀምራል። ገዢው ከኬንያ የዕፅዋት ጤና ተቋም ከኬፊስ የማስገቢያ ፈቃድ ሳያወጣ አንድ ጆንያ አላበጥርም። ፈቃዱ ላይ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈለግ፣ ምን መግለጫ እንደሚጨመር ተጽፏል፤ የእኛ የግብርና ባለሥልጣን የሚሰጠው የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያንን ቃል በቃል መመለስ አለበት። ጭኖ ፈቃድ መጠበቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ ፈቃዱ ዘግይቶ ሲመጣ ምስክር ወረቀቱ ላይ የሌለ ነጥብ ይዞ ይመጣል፤ ያኔ ዕቃው ሞያሌ ቆሞ ወረቀቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ቀጥሎ የሽያጭ ውሉ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ይመዘገባል፤ የወጪ ፈቃዱ በባንክ በኩል ይወጣል፤ ከዚያ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ዲክላራሲዮኑን ያስገባል። እዚህ ላይ የማጠብቀው የዕቃውን ስም ነው። ቦሎቄ በእኛ ዘንድ ቦሎቄ ነው፤ በሰነድ ላይ ግን አንዱ ቀይ ቦሎቄ፣ ሌላው የኩላሊት ቅርጽ ቦሎቄ፣ ሦስተኛው ደረቅ ባቄላ የሚል የእንግሊዝኛ ስም ይጽፍበታል። ሦስቱም አንድ ዕቃ መሆናቸውን የድንበር ሠራተኛ የማመን ግዴታ የለበትም። ሁሉም ሰነድ ላይ አንድ የንግድ ስም፣ የሳይንስ ስሙ ፋሲዮለስ ቩልጋሪስ፣ የታሪፍ ቁጥሩ 0713.33 እንዲሰፍር አደርጋለሁ። ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የጤና ምስክር ወረቀት፣ የትውልድ አገር ምስክር ወረቀት፣ ዲክላራሲዮን፣ የጭነት ደረሰኝ፤ ስድስቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስም፣ የጆንያ ብዛት፣ የተጣራ ክብደት፣ ያልተጣራ ክብደትና የገዢ አድራሻ በጣቴ እየነካሁ አነባለሁ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ለትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱ ወይ የኮሜሳን (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያን) ወይ የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናን ነው የምመርጠው፤ ለአንድ ጭነት ሁለቱንም ማቅረብ ጥያቄ ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም። የአህጉራዊው ስምምነት ግንቦት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ጸንቷል። ቦሎቄ እዚሁ የበቀለ ስለሆነ በሁለቱም ዘንድ ሙሉ በሙሉ አገር ውስጥ የተገኘ ምርት ነው፤ የተጨማሪ እሴት ስሌት አይጠየቅም። የትኛው የተሻለ የቀረጥ ቅናሽ እንደሚያስገኝ ገዢው ከራሱ የጉምሩክ ወኪል ጠይቆ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነግረኛል።

ሌላው የቀን ነገር ነው፤ ቀላል ይመስላል። የፊውሚጌሽን (ዕቃው በጋዝ የመታጠኑ) ምስክር ወረቀት ላይ 30/3/2013 ተብሎ ከተጻፈ ለእኛ ኅዳር 30 ነው፤ ለኬንያው ሠራተኛ ግን የሰባት ዓመት ከስምንት ወር አሮጌ ወረቀት ነው። ወሩን በፊደል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ አጽፋለሁ። ሰዓት ላይ ግን ዕድለኞች ነን፦ ስዋሂሊም እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር ከኬንያው አሽከርካሪ ጋር በስዋሂሊ ሁለት ሰዓት ላይ ከተቃጠራችሁ ያው የእኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ከሆነ ስድስት ሰዓት ይዛነፋል። በዓላትንም የሁለቱን አገር እይዛለሁ፤ የእኛ ገናና ጥምቀት፣ የእነሱ የጥቅምትና የታኅሣሥ ብሔራዊ በዓላት አዲሱ ምርት ከሚጫንበት ወቅት ጋር ይገጥማሉ።

ዕቃው ላይ ዋናው እርጥበት ነው። ገዢዎች 14 በመቶን እንደ ጣሪያ ይጠቅሳሉ፤ እኔ ከ13 በላይ አልቀበልም፤ ከየአሥሩ ጆንያ ከአንዱ፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሐል ናሙና አውጥቼ በእርጥበት መለኪያ አያለሁ። የተረፈው እርጥበት ራሱ ገንዘብ ነው። በ13 በመቶ የተጫነ 28 ቶን በቦረናና በማርሳቢት ሙቀት ወደ 12 ቢወርድ 318 ኪሎ ይቀንሳል፤ ከስድስት ጆንያ በላይ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀም፣ ውኃው ነው የሄደው። ውሉ ላይ ግን የክብደት ልዩነት ምን ያህል እንደሚፈቀድ ካልተጻፈ ገዢው እንደ ጉድለት ይቆርጠዋል። 1.5 በመቶ አስጽፋለሁ።

ከበጠራና ከእጅ ለቀማ በኋላ ጆንያው ሸራ ለብሶ በፎስፊን ጋዝ ይታጠናል፦ ለአንድ ቶን ባለ 3 ግራም ሦስት ፍሬ፣ ለ28 ቶን 84 ፍሬ። ሸራው ዳርና ዳሩ በአሸዋ ከረጢት ታፍኖ ቢያንስ አምስት ቀን፣ ብርድ ከሆነ ሰባት ቀን ይቆያል። በሦስተኛው ቀን የሚከፍት ሰው የሚገድለው የቆመውን ነቀዝ ብቻ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ያለው እንቁላልና እጭ ናይሮቢ ላይ ይወጣል። ሥራው ፈቃድ ባለው ባለሙያ ብቻ ይሠራ፤ በዚያ መጋዘን ማንም እንዳያድር። አሽከርካሪ ባለበት መኪና ላይ ፍሬ ጥሎ በጉዞ ማጠን ደግሞ ሰው መግደል ነው።

አዳማ የሚገዛው በ100 ኪሎ ጆንያ ቢሆንም ለኬንያ የማሽገው በ50 ነው። ጆንያው ላይ የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደት፣ የምርት ዘመን፣ የኢትዮጵያ ምርት መሆኑና የጭነት ቁጥሩ ይታተማል። ከ560ው ሌላ 12 ባዶ ጆንያ፣ መርፌና ሲባጎ ከመኪናው ጋር ይሄዳል።

አጫጫን ላይ ቦሎቄ ከባድ ስለሆነ ያታልላል። 28 ቶን የሴሚ ትሬለሩን አልጋ አይሞላም፤ እኩል ሲነጠፍ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አይዘልም። ጫኞች ግን ከፊት ጀምረው ሁለት ሜትር ይከምሩና የኋላውን ባዶ ይተዉታል። ያኔ የሚጎትተው ጥንድ አክስል 18ን ያልፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ አልጋው ከዳር እስከ ዳር አንድ ንጣፍ ይለብሳል፣ ከዚያ ሁለተኛው፤ የተረፈው ከመሐል ወደ ኋላ ይሄዳል። መንጠቆ ክልክል ነው፤ ለአንድ ቀዳዳ ሁለት ኪሎ ይፈሳል። የመኸር ቦሎቄ የሚወጣበት ወቅት የቦረና ሐጋያ ዝናብ ከሚዘንብበት ጋር ስለሚገናኝ ሸራው ድርብ ነው።

ሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያው በ2013 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ተመርቋል። አሠራሩን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ በእኛ በኩል መስኮት ይሰለፋል። በአንድ ማዕከል አሠራር የሁለቱ አገር ሠራተኞች የሚቀመጡት ዕቃው በሚገባበት አገር ግቢ ነው፤ ስለዚህ ወደ ኬንያ የሚሄድ ጭነት የመውጫውም የመግቢያውም ሥርዓት የሚፈጸመው በኬንያው ወገን ነው።

ማገልበጡን የምፈቅደው የኬንያው መኪና ቀድሞ ከደረሰ ብቻ ነው። ከናይሮቢ ዕቃ አምጥቶ ባዶውን የሚመለስ መኪና ማግኘት ኪራዩን በደንብ ያወርዳል፤ ገዢው ይህን እንዲፈልግ አሳስበዋለሁ። ሁለቱ መኪኖች ኋላ ለኋላ ይገጥማሉ፤ ጆንያው መሬት አይነካም። የጉምሩክ ሠራተኛ ባለበት አዳማ ላይ መኪናው የታሸገበት የጉምሩክ ማኅተም (ሲል) ቁጥሩ ተነቦ ይቆረጣል፤ የአዲሱ ማኅተም ቁጥር በጭነት ደረሰኙ ላይ ይጻፋል። ቆጣሪ ሁለት አቆማለሁ፣ አንዱ የእኔ አንዱ የገዢው፤ በየ20 ጆንያው ድምፅ አውጥተው ይስማማሉ። 28 ጊዜ ሃያ 560 ነው። መጨረሻ ላይ መቁጠር ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ቆጣሪው ኦሮምኛና ስዋሂሊ ቢችል ግማሽ ሥራው አለቀ፤ ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም የሚነገረው ኦሮምኛ ነው።

የማስረከቢያው ነጥብ ሞያሌ ከሆነ፣ ዲኤፒ በሚባለው ዓለም አቀፍ የንግድ ቃል (ኢንኮተርምስ) መሠረት ሻጩ ዕቃውን በራሱ መኪና ላይ እንዳለ ለማውረድ ዝግጁ አድርጎ ሲያቀርብ አስረክቧል፤ ማውረዱ የገዢው ነው። አብዛኛው ሰው ይህን አያውቅም፤ ጫኝና አውራጁ ገንዘብ ሲጠይቅ ሁለቱም ወገን ይተያያል። ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ኢንሹራንሱም በማገልበጥ ጊዜ የሚደርስ ጉዳትን መሸፈኑ ይረጋገጥ፤ ጉዞውን ብቻ የሚሸፍን ውል የቆመ መኪና ላይ አይሠራም።

ክፍያው ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው፦ ወይ ቅድሚያ ክፍያ ወይ ኤልሲ (የገዢው ባንክ ለመክፈል ዋስ የሚሆንበት ሰነድ)። በባሕር ሲላክ የመርከብ ጭነት ሰነዱ የዕቃው ባለቤትነት መያዣ ነው፤ ገዢው ከባንክ ከፍሎ ካላወጣው ዕቃውን አያገኝም። የመኪና ጭነት ደረሰኝ ግን እንዲህ ያለ ኃይል የለውም፤ ስሙ የተጻፈለት ሰው ዕቃውን ይረከባል። በሰነድ ክፍያ ከተስማማችሁ መኪናው በጥቂት ቀን ናይሮቢ ገብቶ ቦሎቄው ገበያ ላይ ሲሸጥ፣ ሰነዱ ገና በሁለት ባንኮች መሐል ፖስታ ውስጥ ነው።